ማጥለቁን አያችሁ፣ ማውጣቱን ግን አላያችሁም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ከሰዓት ቡና እየተፈላ ማንበብ ልማዴ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ግን አቦሉ ፊቴ ቀዝቅዞ ቀረ። በቤተሰብ ገጻችሁ ላይ ሰው በጓሮው ብረት ቀጥቅጦ እንዴት ቢላ መሥራት እንደሚችል ግማሽ ገጽ ጽፋችኋል። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ጓሮዬ ውስጥ 7 ዓመት ሙሉ ብረት ስቀጠቅጥ «ይሄን ሰውዬ ምን ነካው?» ሲባልብኝ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ነገሩ በጋዜጣ ሲወጣ የዘመድ ሠርግ እንደተጠራሁ ነው የቆጠርኩት። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ባለቤቴን «እስቲ ቀዩን እስክሪብቶ አቀብይኝ» አልኳት። ንባቡን ስጨርስ ስድስት ቦታ አስምሬ ነበር። ከስድስቱ አራቱ ሰው ይጎዳሉ።

እኔ ባለሙያ ቀጥቃጭ አይደለሁም። 31 ዓመት ሒሳብ ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ቤቴ ሽሮ ሜዳ አካባቢ፣ ወደ እንጦጦ አቀበቱ ሲጀምር ነው። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ፣ ለዘመድ ተዝካር ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለች ገጠር ሄጄ፣ ማረሻ ሊያሠሩ የመጡ ገበሬዎች መሀል ተቀምጬ አንድ ሽማግሌ ሲቀጠቅጡ አየሁ። ወደ ተዝካሩ የተመለስኩት ምግቡ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት በጋ እየተመላለስኩ ወናፍ ነፋሁላቸው፣ እሳቸው ደግሞ እያዩ ሳቁብኝ፤ እንዲህ ነው የተማርኩት። የሒሳብ ሰው ነኝና በእያንዳንዱ ቀን ምን እንደሠራሁ፣ ምን እንደሰበርኩ፣ ስንት ከሰል እንደፈጀሁ በደብተር እጽፋለሁ። አሁን ሦስተኛው ደብተር ላይ ነኝ። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ከደብተሩ ነው።

በፌሮው ልጀምር። «ከግንባታ የተረፈ የፌሮ ቁራጭ ምርጥ ቢላ ይወጣዋል» ብላችኋል። ቅርጹ ይወጣዋል። ሽንኩርት ግን አይቆርጥም፤ አንድ ቀን ቢቆርጥ በማግስቱ ይዶለዱማል። ብረት ስለት የሚይዘው ውስጡ ባለው ካርቦን ነው። የመኪና ባሌስትራ በኪሎው ውስጥ 5 ወይም 6 ግራም ካርቦን አለው። ፌሮ በአብዛኛው የዚያን ግማሽ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ አግላችሁ ብትነክሩትም እምብዛም አይጠነክርም። በዓይን ሁለቱም ያው ብረት ናቸው። ግራይንደር ላይ ስታስነኳቸው ግን ይለያሉ፦ የፌሮው ፍንጣሪ ረዘም ብሎ ቀጥ ያለ ጭረት ነው፣ የባሌስትራው ደግሞ ጫፉ ላይ እንደ ችቦ ይበተናል።

ይህን ስል ፌሮን ንቄ አይደለም። የእድራችን ድንኳን ካስማዎች በሙሉ የኔ እጅ ሥራ ናቸው፣ 24 ካስማ፣ ሁሉም ባለ 14 ፌሮ። መቆስቆሻ፣ የሥጋ መስቀያ፣ የበር መቀርቀሪያ፣ የጀበና ማስቀመጫ ከፌሮ ይሠራል። ጀማሪ ሰው በካስማ ቢጀምር ጥሩ ነው፤ አንዱን ጫፍ ማሾል፣ ሌላውን መቆልመም፣ አለቀ። ካስማ ቢጣመምም ካስማ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራቱ የተጣመሙ ናቸው፤ የእድሩ ዳኛ ግን እስካሁን ለይተው አላወቋቸውም።

ሁለተኛው ቀይ መስመር የውሃ ቧንቧው ላይ ነው። «ለነፋሱ ማስገቢያ ማንኛውም አሮጌ የውሃ ቧንቧ ይሆናል» ይላል ጽሑፋችሁ። ይህን ሳነብ ገላዬን ብርድ ብርድ አለኝ፤ ምክንያቱም ይህን ስሕተት ሠርቼዋለሁ። እንዳይዝግ ዚንክ የተለበጠ የውሃ ቧንቧ እሳት ውስጥ ሲገባ ዚንኩ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ላይ ይተንና ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። የከሰል እሳት በነፋስ ሲነፋ ከዚያ በላይ ይሞቃል። በመጀመሪያው ዓመቴ ጥቅምት ላይ፣ ጠዋት እንዲህ ባለ ቧንቧ ስሠራ ውዬ፣ አፌ ውስጥ ሳንቲም የላስኩ ያህል ጣፋጭ ጣፋጭ የሚል ጣዕም ቀረብኝ። ልብ አላልኩትም። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መንቀጥቀጥ ጀመርኩ። ሦስት ብርድ ልብስ ደረቡብኝ። አማቴ ያን ጊዜ እኛ ዘንድ ነበሩ፤ አንድ ጊዜ አዩኝና «ምች ነው፣ ላብ ይዞት ጥላ ሥር ገብቶ ነው» ብለው ዳማከሴ አሽተው አጠጡኝ፤ አጠኑኝም። በማግስቱ ከሰዓት ለቀቀኝ። ዳማከሴው ነው ብለው እስከ ዛሬ ያምናሉ፣ እኔም አልተከራከርኳቸውም። ይህ ትኩሳት በአብዛኛው በአንድ ሁለት ቀን ራሱ የሚለቅ ነው። የብየዳ ልጆች በደንብ ያውቁታል፤ ወተት ጠጣበት ይላሉ። ወተት አይከለክለውም። የሚከለክለው የተለበጠ ብረት እሳት ውስጥ አለመክተት ብቻ ነው፤ ክሮም የተቀባውም እንደዚሁ፣ እንዲያውም የባሰ።

ታዲያ ነፋሱ በምን ይግባ? እንደ ድሮው በሸክላ። ቀጨኔ ለኔ ቅርብ ናት፤ እዚያ ያሉ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ክንድ የሚያህል፣ መሀሉ አውራ ጣት የሚያስገባ የወናፍ አፍ ይሠሩልኛል። መጀመሪያ ስጠይቃቸው «ለምንህ ነው?» አሉኝ። «ለወናፍ» ስላቸው ዝም ብለው አዩኝና «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ በኛ አገር ምን እንደሚያዝል የሚያውቅ ያውቀዋል። ወደ እሱ ኋላ እመለሳለሁ።

«ምድጃውን ከወንዝ በተለቀመ ድቡልቡል ድንጋይ ያስውቡት» ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። ከወንዝ የወጣ ድንጋይ ውስጡ ውሃ አለው። እሳት ሲያገኘው ውሃው እንፋሎት ይሆናል፣ መውጫም ያጣል፣ ከዚያ ድንጋዩ እንደ ጥይት ይፈነዳል። የኔ ምድጃ ግማሽ በርሜል ነው፤ ውስጡ ጭቃና ጭድ ተቦክቶ አራት ጣት ውፍረት ተለስኗል። አያምርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ቢላው ቀይ ሲሆን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ ትምህርት የሌላቸው ኋላ ቀር ቀጥቃጮች እንኳ በቀላሉ የሚያደርጉት ነው» ይላል። ውሃ መያዣውም ለሁለት የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ነው አላችሁ! የጋለ ብረት የፕላስቲኩን ጎን ሲነካ ምን እንደሚሆን ለመገመት ቀጥቃጭ መሆን አያስፈልግም፤ እሱን ልለፈው።

ውሃው ግን ከጀሪካኑ ይከፋል፣ ምክንያቱም እውነት ይመስላል። ጸሐፊያችሁ አንድ ቦታ ሄዶ ቀጥቃጭ ሲሠራ አይቷል ብዬ እገምታለሁ። ብረቱ ቀላ፣ ውሃ ውስጥ ገባ፣ ጭስስስ አለ፣ አለቀ። እኔም በመጀመሪያው በጋዬ ያየሁት ይህንኑ ነበር። አዲስ አበባ ተመልሼ ከባሌስትራ የመጀመሪያ ቢላዬን ሠራሁ፣ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፣ አግዬ ከነቁመቱ ባልዲ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። «ቲን» አለ። ቀጭን ድምፅ ናት፣ ብርጭቆ በማንኪያ እንደመንካት። ሳወጣው ከስለቱ እስከ ጀርባው ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወርዶበታል። በደብተሬ ላይ «ቁ. 1፣ ተሰነጠቀ» ይላል። ቁጥር 2ም ተሰነጠቀ። ቁጥር 3 በውሃው አልተሰነጠቀም፣ ከእጄ ወድቆ ሲሚንቶ ላይ ሁለት ቦታ ተሰበረ እንጂ። ቢላ ይወድቃል፤ ወድቆ ግን እንደ ብርጭቆ አይሰበርም።

የተሰበረውን ይዤ በሚቀጥለው ጥር ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። ስብራቱን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ምንም አላሉኝም። አንድ ገበሬ ያመጣውን ዶማ እሳት ውስጥ ከተቱና «አሁን ወናፉን ተወው፣ ዝም ብለህ እይ» አሉኝ። ዶማው ሲደርስ አወጡትና ጫፉን ብቻ፣ ሁለት ጣት ያህል፣ ውሃ ውስጥ ነከሩት። ሙሉውን አይደለም። ወዲያው አወጡት። እኔ በመጀመሪያው በጋ ያላየሁት ይህን ማውጣቱን ነው፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ ዓይኔ ጭሱ ላይ ነበር። አውጥተው ጫፉን በሸካራ ድንጋይ ፈተግ ፈተግ አድርገው አበሩትና ያዩት ጀመር። የዶማው ወገብ ገና ትኩስ ነው፤ ሙቀቱ ከወገቡ ወደ ቀዘቀዘው ጫፍ ቀስ ብሎ ይመለሳል። በበራው ብረት ላይ ቀለም ሲሄድ ታያላችሁ፦ መጀመሪያ የጤፍ ገለባ፣ ከኋላው ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ መጨረሻ ሰማያዊ፣ እንደ ሰልፈኛ ተከታትለው። ቡናማው ጫፉ ላይ ሊደርስ ሲል ዶማውን እንደገና ነከሩት። በዚህ ሁሉ መሀል የተናገሩት አንድ ቃል ነው፤ «ጠብቅ» ብቻ።

መጀመሪያ የነከሩት ለማጠንከር ነው። የተመለሰው ሙቀት ደግሞ ጥንካሬውን ትንሽ ቀንሶ ከመሰበር ያድነዋል። ገለባው ቀለም 220 ወይም 230 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ቡናማው 250 አልፎ፣ ሰማያዊው 300 አካባቢ። ይህን ቁጥር እኔ ከመጻሕፍት አገኘሁት፤ እሳቸው ቴርሞሜትር በእጃቸው ይዘው አያውቁም፣ ግን ለዶማ ቡናማ፣ ለማጭድ ገለባ ብለው ለይተው ያውቃሉ። «ኋላ ቀር» ያላችኋቸው ሰዎች ጋዜጣችሁ ግማሹን ብቻ የጻፈውን ሥራ ሙሉውን ነው የሚሠሩት። ማጥለቁን አያችሁ፣ ማውጣቱን ግን አላያችሁም። ችግሩ ከሳቸው ውሃ አይደለም።

እኔ እንደሳቸው ዓይን ስለሌለኝ ለቀጭን ቢላ ዘይት ነው የምጠቀመው። ዘይት ከውሃ ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚያቀዘቅዝ የባሌስትራ ብረት አይሰነጠቅበትም። አሠራሬ እንዲህ ነው። አንድ ክንድ የሚረዝም ወፍራም የብረት ቧንቧ፣ ታቹ በላሜራ የተበየደ፣ ክዳን ያለው፤ ውስጡ 5 ሊትር የምግብ ዘይት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት በነፃ ይገኛል፣ ግን ጭሱ መርዝ ነው፤ አትንኩት። ዘይቱን በፊት አንድ የጋለ ቁራጭ ብረት ነክሬበት ለብ አደርገዋለሁ፣ 50 ወይም 60 ዲግሪ ያህል፤ ለብ ያለ ዘይት ስለሚቀጥን ከቀዝቃዛው የተሻለ ያቀዘቅዛል። ቢላው መድረሱን የማውቀው ከተበላሸ ስፒከር ባወጣሁት ማግኔት ነው። ብረት 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ማግኔቱ እምቢ ካለ በኋላ ጥቂት ጨምሬ፣ ከደረቀ በርበሬ ቀለም ወደ ብርቱካን ሲጠጋ፣ ጫፉን ወደ ታች አድርጌ ቀጥ ብሎ ይገባል። እንደ ማንኪያ አላማስለውም፤ ያማሰልኩት ቁጥር 6 እንደ ሙዝ ተጣሟል። የእንቁላል አስኳል እስኪመስል ካጋልኩት ደግሞ አልፎበታል፣ ብረቱ ውስጡ እንደ ጨው ሸካራ ይሆናል። ዘይቱ አንዳንዴ እሳት ይይዛል፤ ክዳኑ ለዚያ ነው። ውሃ እንዳታፈሱበት! የሚነድ ዘይት ላይ ውሃ ማፍሰስ እሳቱን ወደ ጣሪያ መላክ ነው። አጠገቤ ሁልጊዜ አንድ ባልዲ አሸዋ አለ።

ከዚያ ሞረድ አስነካዋለሁ። ሞረዱ ካንሸራተተ ጠንክሯል፤ ከነከሰው ድጋሚ። ቀጥሎ ድጋሚ ማሞቂያው ይመጣል፣ እዚህ ላይ ባለቤቴ እንድጽፍ የፈቀደችልኝን አንድ ነገር ልናገር። እንጀራ የሚጋገርበት ሙቀት ለቢላ ከሚያስፈልገው ብዙም አይርቅም ብዬ አሰብኩ። በሒሳብ ትክክል ነበርኩ። እሷ ለቅሶ ደርሳ እስክትመለስ ቁጥር 8ን ከነዘይቱ በኤሌክትሪክ ምጣዷ ላይ አስቀምጬ ምጣዱን አበራሁት። ቢላው ጥሩ ገለባማ ቀለም ወጣው። ዓርብ ጠዋት ግን የመጀመሪያው እንጀራ አልነሳ አለ፣ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛው ደግሞ ሲነሳ ግማሹ ቀረ፣ የቀረውም የብረትና የዘይት ሽታ አለው። ምጣዱ በጎመን ዘር እንደ አዲስ ታሰሰ፤ የታሰሰውም በኔ እጅ ነው፣ ሙሉ ቀን። በሳምንቱ ከመርካቶ አሮጌ ትንሽ ፉርኖ፣ ማለትም የዳቦ መጋገሪያ፣ ገዛሁ። ቢላው ዛሬም ወጥ ቤታችን ውስጥ አለ፣ እሷ ግን «ያ ቢላ» እንጂ በሌላ ስም ጠርታው አታውቅም።

ጽሑፋችሁ መጨረሻው ላይ «ምድጃው አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ሌላ እንክብካቤ አይፈልግም» ይላል። ይህን ሳነብ ሳቅሁ። ከምቀጠቅጥበት ጊዜ የማልቀጠቅጥበት፣ ማለትም የምጠግንበት ይበልጣል።

ወናፉን ውሰዱ። ሁለት የፍየል ቆዳ ነው፣ በሁለት እጅ እየተፈራረቀ የሚነፋ። መብራት ሲኖር በፀጉር ማድረቂያ ነው የምነፋው፤ መብራት ሲጠፋ ግን ብረቱ እሳት ውስጥ እያለ ቆሞ መጠበቅ የለም፣ ወናፉ ይነሳል። ቆዳው በበጋ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ በክረምት ይሻግታል። በየሁለት ወሩ በሞራ አሻሸዋለሁ። ሞራው ደግሞ አይጥ ይጠራል። አንድ ነሐሴ ላይ ሁለት ሳምንት ሳላየው ቆይቼ ስገልጠው አንደኛው ቆዳ ላይ ጡጫ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበር። አሁን ከጣሪያው ተንጠልጥሎ ነው የሚያድረው።

የምድጃው ልስን እየተሰነጠቀ ይራገፋል፤ ከየአራት አምስት ሥራ በኋላ በእርጥብ ጭቃ እደፍነዋለሁ። ደፍኜ ወዲያው አልለኩስም፣ ሁለት ቀን አደርቀውና መጀመሪያ በጭራሮ ቀስ ብዬ አሞቀዋለሁ። የወናፉ አፍ ከእሳቱ ጋር ከተጠጋ ይቀልጣል፣ ከራቀ እሳቱ ይሰንፋል፤ የኔ ሦስት ጣት ወደ ኋላ ነው። ከመስፉ፣ ማለትም ብረቱን አስደግፌ ከምቀጠቅጥበት፣ ላይ የብረት ቅርፊቱን በየመሀሉ በመጥረጊያ ማንሳት አለብኝ፣ አለዚያ ቅርፊቱ ለስላሳው ብረት ውስጥ ይቀበርና ቢላው ፈንጣጣ የወጣበት ይመስላል። መስፌ ከምናለሽ ተራ በኪሎ የገዛሁት የዶዘር ሰንሰለት ቁራጭ ነው፣ 38 ኪሎ። የተቀመጠበት የባሕር ዛፍ ግንድ በመጀመሪያው በጋ ተሰነጠቀ፤ አሁን በበርሜል አንገት ብረት ታጥቋል፣ ታቹም አሸዋ ውስጥ ነው። አሸዋው ድምፁን ይውጠዋል።

መዶሻውን ሳልፈትሽ አላነሳም። በበጋ እጀታው ይደርቅና የመዶሻው ራስ ይላላል። አንድ የካቲት ላይ ራሱ ወልቆ ከጆሮዬ በስተግራ አልፎ የጎረቤቴን ቆርቆሮ አጥር መታ። ጎረቤቴ ደግ ሰው ናቸው፣ መዶሻውን በአጥሩ ላይ አቀብለውኝ «ይህች ያንተ ናት መሰለኝ» ብቻ ነው ያሉት። ከዚያ ወዲህ እጀታው ላይ ሁለት ሽብልቅ አለ፣ አንዱ የእንጨት አንዱ የብረት። ክረምት ከመግባቱ በፊት ደግሞ ጉጠቱ፣ መሮው፣ ሞረዱ፣ የመስፉ ፊት ሳይቀር በንብ ሰምና በዘይት ይታሻል። ሰኔ ላይ የሰነፈ ሰው መስከረም ላይ ዝገት ይፍቃል።

ስለ ከሰሉ። የባሕር ዛፍ ከሰል ቶሎ ይነድና ይረጫል፤ የግራር ይቆያል፣ ግን የግራር ከሰል ባየሁ ቁጥር ዛፉ ትዝ እያለኝ ስለሚከብደኝ እቆጥባለሁ። በደብተሬ አንድ ማዳበሪያ ለአምስት ቀን ሥራ ይበቃኛል። ድሮ ሦስት ነበር። ልዩነቱ የመጣው እሳቱን ጠባብ ማድረግ ስማር ነው፤ አብዛኛው ጀማሪ ብረቱ አንድ ስንዝር ሆኖ እሳቱን ሁለት ክንድ ያደርገዋል። ቤት ውስጥ ግን በፍጹም አይነደድም። በዝግ ክፍል የከሰል ጭስ ስንት ሰው ተኝቶ እንዲቀር እንዳደረገ ጋዜጣችሁ ራሱ በየክረምቱ ይዘግባል፤ በዚያው ጋዜጣ «ዝናብ ከሆነ ሳሎን በረንዳ ላይ በሩን ዘግተው ይሥሩ» ማለት ምን ይባላል? የኔ ከላይ ቆርቆሮ አለው፣ በሦስት ጎን ክፍት ነው።

ድምፁ ጉዳይ ነው፣ እናንተ አልነካችሁትም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት፣ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላም አልቀጠቅጥም። እሑድና በዓል አልሠራም። ሠፈር ውስጥ ለቅሶ ካለ እስከ ሣልስት መዶሻ አላነሳም። ማጠንከሩን ግን አመሻሽ ላይ አደርገዋለሁ፤ እሱ ድምፅ የለውም፣ የብረትም ቀለም በፀሐይ ያታልላል።

ታሪኩንም አርሙት። መግቢያችሁ ላይ ሴባስቶፖል «በወናፍና በመዶሻ ተቀጥቅጦ የተሠራ» ይላል። ሴባስቶፖል አልተቀጠቀጠም፣ ቀልጦ ነው የፈሰሰው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሚስዮናውያኑንና የአገሩን ሠራተኞች ሰብስበው ነው ያሠሩት፤ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ ያስጎተቱት። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው አምሳያው ነው። ማቅለጥና መቀጥቀጥ ሁለት ሙያ ነው፤ አንድ ናቸው ማለት ዳቦ መጋገርና እንጀራ መጋገር አንድ ነው እንደማለት ነው።

ቅድም ወዳቆምኩት ጥያቄ ልመለስ። ቀጨኔ ያሉት እናት «የማን ልጅ ነህ?» ያሉኝ ወናፍ የሚነፋ ሰው ከየት ዘር እንደሚወለድ በኛ አገር አስቀድሞ ስለተወሰነ ነው። ሽማግሌው ዶማ የሠሩላቸው ገበሬዎች ዶማውን ተቀብለው፣ ከሳቸው ቤት ግን ውሃ ሳይጠጡ ሲሄዱ አይቻለሁ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በእጅ ሥራው መስደብ ይቅር ብለው ካወጁ ስንት ዘመን አለፈ። እኔን ጎረቤት «ምን ነካው» ቢለኝ ይስቃል እንጂ አይሸሸኝም፤ ጡረተኛ ነኝ፣ ጨዋታዬ ነው። ለእሳቸው እንጀራቸው ነው፣ ልጃቸውም በዚህ ምክንያት ሙያውን ትቶ ወደ ከተማ ሄዷል። ስለዚህ «ኋላ ቀር ቀጥቃጮች እንኳ» የምትለዋን ሐረግ ከስድስቱ መስመሮች ሁሉ አወፍሬ አስምሬባታለሁ። ሌሎቹ እጅ ያቃጥላሉ፤ ይህችኛዋ ጋዜጣ ላይ መውጣት የማይገባት ናት።

የምጠይቃችሁ ማረሚያው በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን እንዲወጣ ነው፤ ከሥር ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል አይደለም። ቢቻል ደግሞ ከመጪው ቅዳሜ አትለፉ፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ሰኞ ማታ በሬ ተንኳኳ። የጎረቤቴ የልጅ ልጅ ነው፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ የጋዜጣችሁን ግማሽ ገጽ ቆርጦ በአንድ እጁ፣ በሌላው ዚንክ የተለበጠ የውሃ ቧንቧ ይዟል። «ጋሼ፣ ይህን መቁረጫ መጋዝ ያውሱኝ» አለኝ። ቧንቧውንም ጋዜጣውንም ተቀብዬዋለሁ። በምትኩ አንድ ክንድ ፌሮ ሰጥቼው ቅዳሜ 3 ሰዓት እንዲመጣ ተቀጣጥረናል። የጥጥ ልብስና የተዘጋ ጫማ አድርግ፣ በነጠላ ጫማ እንዳትመጣ ብዬዋለሁ። ለእድሩ ሁለት ካስማ ይጎድላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሽሮ ሜዳ